የእጅ ጥበብና የመጽሐፍ ትምህርት፤ ከራስ አል ፊል ዝሆን አዳኞች እስከ ጎልፍ መምሪያዎች

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርድ መንገደኛ ደጋው ሲያልቅና አየሩ ሲከብደው ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ጥዱና ወይራው ወደ ኋላ ቀርቶ ሽመሉ፣ ዋልያ መቀሩና ግራሩ ይተካል፤ መሬቱም በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ነው። ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን በሚባለው በዚህ ቆላ ሰሊጥና ጥጥ ይመረታል፤ ዕጣን ይለቀማል፤ በመተማ ዮሐንስ በኩልም ሰውና ሸቀጥ ወደ ሱዳን ይሻገራል። የቦታው ስም በታሪክ መጻሕፍት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወሰው ግን ስለ አንድ ቀን ነው፤ ይኸውም መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከመሐዲስቶች ጋራ ሲዋጉ ለሞት ያበቃቸውን ቁስል ያገኙበት ዕለት ነው።

ከዚያ ጦርነት ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ይኸው ቆላ በሌላ ነገር የታወቀ ነበር። ግዛቱ ያን ጊዜ ራስ አል ፊል ይባል ነበር፤ ትርጉሙም በዐረብኛ «የዝሆን ራስ» ማለት ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ዝሆን የሞላበት አገር ነበር፤ ዝሆኑንም በጠመንጃ ሳይሆን በሰይፍ የሚገድሉ ሰዎች ነበሩበት። የእነዚህ ሰዎች ጥበብ በሁለት የውጭ አገር ሰዎች መጽሐፍ ውስጥ በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ከዚህ የተነሣ ለማንኛውም የእጅ ጥበብ አስተማሪ የሚጠቅም አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ አንድ ጥበብ በመጽሐፍ ተጻፈ ማለት ከመጽሐፉ ሊማሩት ይቻላል ማለት ነውን? የሚቻል ከሆነስ ከብዙ መጻሕፍት መካከል የትኛውን መምረጥ ይገባል?

የመጀመሪያው ጸሐፊ እስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ ዘመን ጎንደር በቆየበት ጊዜ የራስ አል ፊል ሹመት ተሰጥቶት ነበር፤ ሹመቱ ግን የስም ነበርና አገሩን በእርሱ ስም ሆኖ ይገዛ የነበረው ያሲን የተባለ የአካባቢው ሰው ነው። ብሩስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1771 ማለቂያ ከጎንደር ወጥቶ በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በ1772 መጀመሪያ ላይ ጨርቂን ብሎ በመዘገባት ስፍራ የወይዘሮ አስቴር ልጅ አይቶ ክንፉ ዘንድ በእንግድነት ተቀመጠ። የዝሆን አደኑንም ያየው በዚያ ነው። ያየውን ያተመው ግን እ.ኤ.አ. በ1790፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ብሩስ እንደሚለው አዳኞቹ «አጋጊር» ይባላሉ፤ ስሙም ቋንጃ መቁረጥን ከሚያመለክት ቃል የወጣ ነው። አደኑ በአንድ ፈረስ ላይ ሁለት ሰው ተፈናጦ የሚካሄድ ነው። ሁለቱም ልብስ አይለብሱም፤ ምክንያቱም በጫካው መካከል ሲጋልቡ እሾህና ቅርንጫፍ ልብሳቸውን ይዞ እንዳያስቀራቸው ነው። የፊተኛው ልጓሙን ይይዛል፤ በሌላው እጁ ከአጭር በትር በቀር መሣሪያ የለውም። የኋለኛው ሰይፍ ብቻ ይይዛል። ሰይፉ ሰገባ የለውም፤ ከጫፉ ወገን እንደ ምላጭ የተሳለ ሲሆን፣ ከእጀታው ቀጥሎ ያለው አሥራ አራት ኢንች ያህል፣ ማለት ሠላሳ አምስት ሳንቲ ሜትር የሚሆነው የስለቱ ክፍል፣ በቀጭን ገመድ የተጠመጠመ ነው። አዳኙ በግራ እጁ እጀታውን፣ በቀኝ እጁ በገመድ የተጠመጠመውን ስለት ይዞ ሰይፉን በሁለት እጅ ይጠቀምበታል።

ዝሆኑ ሲገኝ ጋላቢው ፊት ለፊቱ ቀርቦ ይፎክርበታል፤ ስሙንና የፈረሱን ስም እየጠራ፣ የዝሆኑን አባት በዚህ ስፍራ፣ አያቱን በዚያ ስፍራ እንደ ገደለ ይነግረዋል። (በደጋው አገር ግዳይ የጣለ ሰው ፉከራ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ልዩነቱ ፉከራው ከግዳዩ በፊት፣ ለራሱ ለዝሆኑ መነገሩ ነው።) ዝሆኑ ተቆጥቶ ሲከተለው ጋላቢው ፈረሱን ወዲያና ወዲህ እያዞረ ከመንገዱ ያስተዋል፤ በመጨረሻም ከጎኑ በኩል ዞሮ የኋለኛውን ሰው ያወርደዋል። ያም ሰው ዝሆኑ ገና በፈረሱ ላይ ዓይኑን እንደ ጣለ ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት በአንድ ምት ይቆርጣል። ጋላቢው ተመልሶ ጓደኛውን ያፈናጥጠውና ወደ ሌላ ዝሆን ያልፋሉ፤ የወደቀውን የሚጨርሱት ሌሎች ሰዎች በጦር ነው። ሥጋው በረጅሙ እየተቀደደ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ለክረምት ስንቅ ቋንጣ ይሆናል።

ሁለተኛው ጸሐፊ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው። ቤከር ወደ ዓባይ ምንጮች ከመጓዙ በፊት ዐረብኛ ለመልመድና ከኢትዮጵያ የሚወርዱትን ገባሮች ለመመርመር እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በዚህ ጠረፍ፣ በአትባራ፣ በሰቲትና በአንገረብ ወንዞች ዳር ከባለቤቱ ከፍሎረንስ ጋራ ቆየ፤ በ1862 የፀደይ ወራትም ወደ ገላባት፣ ማለት ወደ መተማ ገበያ ደረሰ። የጉዞውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1867 አሳተመ። በእርሱም ውስጥ ስለ ሐምራን ዐረቦች የሰይፍ አደን የጻፈው ክፍል ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥ ሕያው ነው። ታሂር ሸሪፍና ወንድሞቹ በእርሱ መጽሐፍ ውስጥ በስማቸው፣ በፈረሶቻቸውና በጠባሳቸው ይታወቃሉ። ከእነርሱ አንዱ ሮዱር ሸሪፍ በአደን ጉዳት የሰለለ ክንድ ነበረው፤ ያም ሆኖ በዝሆኑ ፊት ለፊት ሆኖ የመጋለብ ሥራ የእርሱ ነበር።

የቤከር ሐምራኖች የሚያድኑት እንደ ብሩስ አጋጊሮች በአንድ ፈረስ ሁለት ሆነው አይደለም፤ ሦስት ወይም አራት ሰዎች እያንዳንዳቸው በየፈረሳቸው ናቸው። አንዱ ከፊት ሆኖ ዝሆኑን ያስከትላል፤ ሌሎቹ ከኋላ ይከተላሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ፈረሱ በሚጋልብበት ቅጽበት ወደ ምድር ዘልሎ ሰይፉን በሁለት እጁ ይሰነዝራል። በሰይፉ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ቤከር ዘጠኝ ኢንች፣ ማለት ሃያ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ያደርገዋል። ፈረስ መግዛት ያልቻሉት ደግሞ በእግራቸው ያድኑ ነበር፤ በቀትር አካባቢ ተኝቶ የሚያገኙትን ዝሆን በዝግታ ይቀርቡታል።

በሁለቱ ጽሑፎች መካከል ዘጠና ዓመት አለ። ሰይፉ ያው ነው፤ የእጁ አያያዝ ያው ነው፤ የፈረሱ ቁጥርና የገመዱ ርዝመት ግን ተለውጧል። ይህ ልዩነት ጥበቡ ስለ ተለወጠ ነው ወይስ ሁለቱ ጸሐፊዎች ያዩት የተለያየ ሕዝብ ስለ ሆነ? ሁለተኛው ይበልጥ ሊታመን የሚገባው ይመስላል፤ ብሩስ ያየው ከሰቲት በስተ ደቡብ በሚገኘው ቆላ ሲሆን ቤከር ያየው በሰቲት ዳር ነውና። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሁለቱም ጸሐፊዎች ዐይናቸው ንቁ፣ ብዕራቸው ትክክል የሆነ ሰዎች ናቸው፤ ሆኖም ከሁለቱ መጻሕፍት አንዱን አንብቦ በሰይፍ ዝሆን የሚጥል ሰው ሊኖር አይችልም። ፈረሱ ከዝሆን ፊት እንዳይሸሽ በምን ዓይነት ልምምድ እንደሚሠለጥን፣ ዘላዩ ስንት ክንድ ሲቀረው ከኮርቻው እንደሚነሣ፣ ፊተኛው ጋላቢ የኋለኛውን ሳያይ ልክ ጊዜውን በምን እንደሚያውቅ፣ እነዚህን ሁሉ ያውቁ የነበሩት የሸሪፍ ወንድማማቾች እርስ በርሳቸው ነበር። መጻሕፍቱ ተመልካች የጻፋቸው ናቸው፤ ተመልካች ደግሞ ሥራው ከመሠራቱ በፊት በሠሪው ልብና ጡንቻ ውስጥ ያለውን አያይም። ይህ ሲባል ጸሐፊዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ሁለቱም ሊያስተምሩ ሳይሆን ሊተርኩ ነው የጻፉት፤ የተራኪን መጽሐፍ እንደ መምህር መጽሐፍ የሚይዝ አንባቢ ስሕተቱ የራሱ ነው።

ሊያስተምር ተብሎ የተጻፈው መጽሐፍ ዘመኑ ሲደርስ በብዛት መጣ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1885 ጀምሮ በቦፎርት መስፍን የበላይ አዘጋጅነት «ባድሚንተን ላይብረሪ» የተባለ ተከታታይ የስፖርት መምሪያ መታተም ጀመረ። እያንዳንዱ ጥራዝ ስለ አንድ ስፖርት ሲሆን፣ ጸሐፊዎቹም በየስፖርቱ ስም ያላቸው ሰዎች ነበሩ። በ1894 የወጣው የትልልቅ አውሬ አደን ጥራዝ ከጸሐፊዎቹ መካከል ሳሙኤል ቤከርን ይቆጥራል፤ ቤከር ራሱ መጽሐፉ ሳይወጣ በ1893 ሞቷል። እንግዲህ በሰቲት ዳር የሐምራኖች እንግዳና ተማሪ የነበረው ሰው በመጨረሻ የመምሪያ መጽሐፍ መምህር ሆነ ማለት ነው። የሚያስተምረው ግን የጠመንጃ አደን ነው እንጂ የሰይፍ አይደለም። የጠመንጃው ጥበብ የካሊበር፣ የባሩድና የርቀት ነገር በመሆኑ በቁጥር ይጻፋል፤ ለመጽሐፍ ይመቻል። እንዲያም ሆኖ ቤከር ራሱ በዚህ ቆላ ይዞት ይዞር የነበረው ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ጥይት የሚተኩስ ጠመንጃ ተኳሹን ራሱን እስኪያዞር ድረስ ይመታ ነበርና፣ ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ መሣሪያውን ቻለ ማለት አይደለም።

በዚያው በባድሚንተን ተከታታይ ውስጥ ከአደኑ ጥራዝ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1890፣ ስለ ጎልፍ የሚያስተምር ጥራዝ ወጥቷል። አዘጋጁ ሆሬስ ሀቺንሰን ነው። የመጽሐፍ ትምህርትን ጥያቄ ለመመርመር ከጎልፍ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ጨዋታ ያህል መምሪያ የተጻፈባቸው ጨዋታዎች ጥቂቶች ናቸውና። ጎልፍ በኢትዮጵያ የጥቂት ሰዎች ጨዋታ ሆኖ የኖረ ነው፤ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ ጉድጓድ ያለው ሜዳ መኖሩ ይታወቃል። ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ለመግለጽ፣ ትንሽ ኳስ በልዩ ልዩ በትር እየመቱ በተከታታይ ወደ ተቆፈሩ ጉድጓዶች፣ ሙሉ ሜዳ ሲሆን ወደ አሥራ ስምንት ጉድጓዶች፣ በተቻለ መጠን በጥቂት ምት ማስገባት ነው። በትሩና ኳሱ ለገና ተጫዋች የማይገርሙ ናቸው። ልዩነቱ በገና ጥንጓ እየሮጠች ተጫዋቹም እየሮጠ ሲሆን፣ በጎልፍ ኳሱም ሰውየውም ቆመው መጀመራቸው ነው። ኳሱ ቆሞ ስለሚጠብቅ ሰው ለማሰብ ጊዜ ያገኛል፤ ብዙ ማሰብ ደግሞ ብዙ መጽሐፍ ያስጽፋል።

ስለ ጎልፍ አመታት ከተጻፉት ከሚታወቁት ሁሉ ቀዳሚው የቶማስ ኪንኬይድ የግል ማስታወሻ ነው። ኪንኬይድ እ.ኤ.አ. በ1687 እና በ1688 በኤዲንበርግ የሕክምና ተማሪ ነበር። እርሱም ለራሱ ሲጽፍ ተጫዋቹ በሰይፍ ግጥሚያ ጊዜ እንደሚቆመው እንዲቆም፣ ጉልበቱን ጥቂት እንዲያጥፍ ይመክራል። በሰይፍ የተጀመረው ታሪክ እዚህ ላይ ሳይታሰብ እንደገና ከሰይፍ ጋራ ይገናኛል። አቋቋሙን በተመለከተ ኪንኬይድ ትክክል ነበር። ነገር ግን የእግር፣ የጀርባና የክንድ ጡንቻ ሁሉ እጅግ የተወጠረ እንዲሆንም ያዛል፤ የዛሬ አሠልጣኝ ሁሉ ተማሪውን የሚያስተምረው ደግሞ ይህን ውጥረት እንዲለቅ ነው። ምክሩ ግማሹ ጸንቶ ግማሹ ወድቋል ማለት ነው። ይህም ከማንኛውም የቆየ መምሪያ ጋራ አብሮ የሚኖር ነገር ነው፤ የሚያሳዝነው አንባቢው የትኛው ግማሽ የትኛው እንደ ሆነ ከመጽሐፉ አለማወቁ ነው።

ጨዋታውን ለማስተማር ተብሎ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ የሄንሪ ፋርኒ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1857 በብዕር ስም ወጣ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ በ1887 ሰር ዋልተር ሲምፕሰን ባሳተመው መጽሐፍ በሕግ ብዛት ላይ ተሳለቀ፤ በእርሱ አስተያየት ተጫዋቹ ከሁሉ በላይ ግድ የሚለው ኳሱን መምታት ነው። ከዚያ በፊት የጻፉት ሁሉ ለመዝናናት የሚጫወቱ ባለ ማዕርጎች ነበሩ፤ በጨዋታው እንጀራውን የሚያገኝ ባለሙያ ብዕር ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1896 ዊሊ ፓርክ የተባለው ነው። ፓርክ የእንግሊዝን ክፍት ውድድር በ1887 እና በ1889 ያሸነፈ፣ በትርና ኳስ በመሥራትም የታወቀ ሰው ነበር። (1889 በመተማ ምን ዓመት እንደ ነበረ ከላይ ተገልጿል፤ ዓለም በአንድ ዓመት ውስጥ ምን ያህል የተራራቀ ነገር እንደምትይዝ ያስገርማል።) ባለሙያው ብዕር ማንሣቱ ትልቅ ለውጥ ነው። ታሂር ሸሪፍ ራሱ መጽሐፍ ቢጽፍ ኖሮ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሠሪው ራሱ ሲጽፍ ሁሉ ነገር ይስተካከላል ማለት አይደለም። ታላቅ ተጫዋች የሚያደርገውን ሁሉ አያውቀውም፤ የሚያውቀውም ለራሱ አካል የሚስማማውን ነው። የዚህ ዋናው ምስክር ቤን ሆገን ነው። አሜሪካዊው ሆገን እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተመው የአምስት ትምህርቶች መጽሐፍ፣ በኸርበርት ዋረን ዊንድ አጋዥነት የተጻፈና በአንተኒ ራቪዬሊ ሥዕሎች የተብራራ ሲሆን፣ በመላው ዓለም ከጎልፍ መምሪያዎች ሁሉ ይበልጥ ከተነበቡት አንዱ ነው። የጥናቱ ጥልቀት አያጠያይቅም። ነገር ግን ሆገን ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲታገለው የኖረ አንድ ስሕተት ነበረው፤ ኳሱ አለመጠን ወደ ግራ ይታጠፍበት ነበር። የእጅ አያያዙም ሌላውም ሥርዓቱ በአብዛኛው ያን ስሕተት ለመግታት የተቀመረ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ደግሞ የሚቸገረው በተቃራኒው ነው፤ የእርሱ ኳስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ይህ ጀማሪ የሆገንን ትእዛዝ ቃል በቃል ቢከተል የሌላ ሰው መድኃኒት እንደ ጠጣ በሽተኛ ሕመሙ ሊብስበት ይችላል። ስለዚህ መጽሐፍ መራጭ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው የጸሐፊውን ዝና ሳይሆን የጸሐፊውን ሕመም ነው፤ ይህ ሰው ምን ችግር ነበረበት? እኔስ ያው ችግር አለብኝን?

የሚቀጥለው ጥያቄ መጽሐፉ በተጻፈ ጊዜ በእጅ የነበረው መሣሪያ ምን ነበር የሚል ነው። ስድስት ጊዜ የእንግሊዝን ክፍት ውድድር ያሸነፈው ሃሪ ቫርደን እ.ኤ.አ. በ1905 ያሳተመው መጽሐፍ ድንቅ ነው፤ የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት በግራ እጅ ጣት ላይ የምትደረብበትን አያያዝ እርሱ በዓለም አስለምዷል። በትሩ ግን እንጨት ነበር። በብሪታንያ የብረት ዘንግ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። የእንጨቱ ዘንግ ይጠመዘዛል፤ በእርሱ የሚመታ ሰው የእጁ ጊዜ አጠባበቅ ሌላ ነው። እንግዲህ ከቫርደን የሚወሰደው አያያዙ እንጂ ሁሉ ነገር አይደለም።

ከዚህም የሚበልጥ የእውቀት ለውጥ አለ። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የታተሙ መምሪያዎች ኳሱ የሚነሣው በትሩ በተጓዘበት አቅጣጫ ነው እያሉ አስተምረዋል። በኋላ በራዳር የሚሠሩ መለኪያዎች ሲመጡ ግን የኳሱን የመነሻ አቅጣጫ አብዛኛውን የሚወስነው በትሩ ኳሱን በሚነካበት ቅጽበት ፊቱ ወዴት እንደሚመለከት መሆኑ ታወቀ። የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች አልዋሹም፤ ዐይን ሊያየው የማይችለውን ቅጽበት በስሜት ገምተው ነው የጻፉት። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ኳሱን በትክክል ይመቱ ነበር፤ የተሳሳተው ስለ አመታታቸው የሰጡት ማብራሪያ ነው። እዚህ ላይ የብሩስና የቤከር ነገር በግልባጩ ይታያል፤ እነዚያ ሳይሠሩ በትክክል አይተው ጻፉ፣ እነዚህ በትክክል ሠርተው ተሳስተው ጻፉ።

ከመጻሕፍቱ ሁሉ የመምህርነት ጠባይ ጎልቶ የሚታይባቸው ምናልባት ታላላቅ ባለ ድሎች ያልጻፏቸው ናቸው። እንግሊዛዊው ኧርነስት ጆንስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1916 በፈረንሳይ ቀኝ እግሩን አጣ። ተመልሶ በአንድ እግሩ ቆሞ ሲጫወት ግሩም ውጤት ማግኘቱን ተመለከተና፣ እግር፣ ዳሌና ትከሻ እየከፋፈሉ የሚሰጡት ትምህርቶች ሁሉ ዋናውን ነገር እንደ ሳቱ ተረዳ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት ሲያስተምር የሚጠቀምበት መሣሪያ መሐረብ ጫፍ ላይ የታሰረ ሰንጢ ነበር፤ ሰንጢው በመሐረቡ እየተወዛወዘ መወዝወዝ ምን እንደ ሆነ ለተማሪው ያሳያል። መሐረብን ማወዛወዝ እንጂ መግፋት አይቻልምና ተማሪው ሳይነገረው ይገባዋል። ጆንስ ይህን ሐሳብ በ1952 ባወጣው መጽሐፍ ላይ አስፍሮታል። ሰንጢውና መሐረቡ ከብዙ ገጽ በላይ ይናገራሉ።

የቴክሳሱ ሃርቪ ፔኒክም እንዲሁ ነው። ለአሠርት ዓመታት ተማሪዎቹን ሲያስተምር ያስተዋለውን በቀይ ደብተር እየጻፈ ኖሮ፣ ደብተሩ በባድ ሽሬክ አጋዥነት እ.ኤ.አ. በ1992 መጽሐፍ ሆኖ ሲወጣ እርሱ የሰማንያ ሰባት ዓመት አዛውንት ነበር። ከምክሮቹ አንዱ ስለ ራሱ ምክር አወሳሰድ ነው፤ አንድ የራስ ምታት ኪኒን የታዘዘለት ሰው ጠርሙሱን ሁሉ እንዳይውጥ ያስጠነቅቃል። በዚህ ረገድ በሌላው ጫፍ የቆመው የሆመር ኬሊ መጽሐፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ታትሞ የጎልፍን አመታት እንደ ጂኦሜትሪ ክፍል በክፍል ይተነትናል። ይህ መጽሐፍ ለአሠልጣኝ ሊጠቅም ይችላል፤ ገና በትር ለያዘ ሰው ግን ከባድ ሸክም ነው። እንግዲህ ምርጫው በተነባቢው ብቻ ሳይሆን በአንባቢው ደረጃም ይወሰናል ማለት ነው።

ከላይ የተባሉት ሁሉ በአንድ ሁኔታ ላይ የቆሙ ናቸው። አንባቢው መጽሐፉን ይዞ ብቻውን ሜዳ ላይ ሲወጣ የሚያደርገውን ሳይሆን የሚያደርግ የሚመስለውን ነው የሚያውቀው። እጁ ከፍ ያለ ሲመስለው ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። በሁሉም የእጅ ጥበብ ይህ ያለ ነው፤ ቅኔ ተማሪ እንኳ ቅኔውን ለመምህሩ ሳይነግር ቤት መምታቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ከአንድ ሰው ዐይን ጋራ፣ ያ ሰው ታላቅ ባለሙያ ባይሆን እንኳ፣ ከአሥር መጽሐፍ ይሻላል። ዛሬ ተንቀሳቃሽ ምስል ያን ዐይን በከፊል ይተካል። ቦቢ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1931 በዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ አማካይነት የጎልፍ ትምህርቱን በፊልም ማቅረቡ መጽሐፍ ብቻውን እንደማይበቃ ቀደም ብሎ ለመገንዘቡ ምስክር ነው።

የኢትዮጵያ ጨዋታዎች ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። ገና፣ ጉግስ፣ ፈረስ ሸርጥ፣ ትግልና ገበጣ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከታላቅ ወደ ታናሽ ሲወርዱ የኖሩ ናቸው። የገና ተጫዋች ዱላውን ከዛፍ ጎንበስ ያለውን ቅርንጫፍ ፈልጎ ራሱ ይቆርጣል፤ ጥንጓን መምታት የሚማረው በጨዋታው መሀል፣ እግሩን ተመትቶ እያነከሰ ነው። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም ስለሚባል ታናሹ ታላቁን ያለ ፍርሃት ይጋፈጣል፤ ይህም ራሱ ትልቅ የማስተማሪያ ዘዴ ነው፤ ተማሪው መምህሩን ካልገጠመ አይማርምና። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን ለእነዚህ ጨዋታዎች ደንብ አውጥቶ ውድድር ያካሂዳል። ደንብ ግን መምሪያ አይደለም። ደንብ የሜዳውን ልክ፣ የተጫዋቹን ቁጥርና የተከለከለውን ይናገራል፤ ጥንግን ከመሬት እንዴት አንሥቶ እንደሚመቷት አይናገርም። የሁለቱ መጽሐፍ ዓይነት መለየት ለሙያው ሰዎች ቀላል ነገር አይደለም፤ ደንብ በስብሰባ ይጻፋል፣ መምሪያ ግን ዕድሜውን በሜዳ የፈጀ ሰው ከፊቱ ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ሌላ ሰው ይፈልጋል። ሆገን ዊንድን፣ ፔኒክ ሽሬክን አግኝተዋል። ታሂር ሸሪፍ ያገኘው ለጥቂት ወራት በእንግድነት የመጣ ቤከርን ነው፤ አይቶ ክንፉ ዘንድ የነበሩት አጋጊሮችም መንገደኛውን ብሩስን ብቻ።

የአጋጊሮቹ ጥበብ ዛሬ የለም። ጠመንጃ ሲበዛና የዝሆን ጥርስ ንግድ ሲስፋፋ ዝሆኑ ከብዙው የቆላ ክፍል ጠፋ፤ ዝሆን በሌለበት ዝሆን አዳኝ አይኖርም። አጋጊሮች ይኖሩ ከነበሩበት አገር ውስጥ በሰቲት በኩል ያለው የቃፍታ ሽራሮ ብሔራዊ ፓርክ ከድንበር ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱ ዝሆኖችን ሲይዝ ቆይቷል። በቋራ በኩል ደግሞ የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመ ሲሆን፣ በ2016 አጥኚዎች አንበሶች በዚያ መኖራቸውን አረጋግጠዋል። በሰይፍ ዝሆን መግደል ይመለስ የሚል አስተዋይ ሰው አይኖርም። የጠፋው ግን ግድያው ብቻ አይደለም፤ ከዝሆን ፊት የማይሸሽ ፈረስ የማሠልጠን እውቀት፣ ከሚጋልብ ፈረስ ወርዶ ሳይወድቁ የመቆም እውቀት፣ የሁለት ሰው እንቅስቃሴ ያለ ቃል የማስማማት እውቀት አብረው ሄደዋል። ከእነዚህ ሁሉ በወረቀት ላይ የቀረው ተመልካች ያየው ነው።

ከዚያም ውስጥ በተለይ የቀረው የእጁ ቦታ ነው። ብሩስ በ1772 ያየው፣ ቤከርም በ1862 ያየው፣ ግራ እጅ በእጀታው ጫፍ ላይ፣ ቀኝ እጅ ከእርሱ ቀጥሎ ወደ ስለቱ በኩል በገመዱ ላይ ነው። ማንኛውም የጎልፍ መምሪያ ቢገለጥ ቀኝ ለሆነ ተጫዋች የመጀመሪያው ምዕራፍ ይኸንኑ ያዛል፤ ግራ እጅ በበትሩ ጫፍ፣ ቀኝ እጅ ከእርሱ በታች። የጎልፉ መምሪያ ከዚያ ቀጥሎ ምን ያህል መጨበጥ እንደሚገባ፣ የትኛው ጣት እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚላላ በብዙ ገጽ ያስረዳል። የሰይፉ ምዕራፍ በገመዱ ርዝመት ላይ ያበቃል።